ጠብ ሳይነሣ ደንብ መጻፍ፦ የብሪጅ ማኅበር አስተዳደርና የተጫዋቾች ሥነ ምግባር መመሪያ

ከአያት አደባባይ ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የእድር አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ጠረጴዛ ዘርግተን ብሪጅ የተባለውን፣ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚጋጠሙበትን የካርታ ጨዋታ እንጫወታለን። ማኅበሩን ስንጀምር የጽሑፍ ደንብ አልነበረንም፤ ሁላችንም የምንተዋወቅ የሰፈር ሰዎች ስለነበርን የሚያስፈልገንም አልመሰለንም። አንድ የክረምት ቅዳሜ፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበ መደማመጥ ባቃተን ሰዓት፣ በሦስተኛው ጠረጴዛ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ካርታቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ «ፓስ» (አልጨምርም) አሉ። አጋራቸው ወዲያውኑ ጨረታውን፣ ማለትም ስንት ዙር እንደሚያሸንፉ የሚገቡትን ቃል፣ ከፍ አደረጉ፤ ጨዋታውም ለእነርሱ ሆነ። ተጋጣሚያቸው ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ተነሡና «ይህ በዝምታ መነጋገር ነው» አሉ። የማኅበሩ ሰብሳቢ የከሳሹ አጋር ሆነው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ተሰርዟል» ብለው ፈረዱ። ከሳሹና ተከሳሹ፣ ሁለቱም አዛውንቶች፣ የአንድ እድር አባላት ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ለስምንት ወር ያህል፣ ለቅሶ ቤት በተገናኙ ቁጥር በድንኳኑ ሁለት ጫፍ እየተቀመጡ፣ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ቆዩ።

በዚያን ጊዜ ጸሐፊው እኔ ነበርሁ። ቃለ ጉባኤውን ከፍቼ ምን ብዬ እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ መቅረቴን አልረሳውም፤ አዛውንቱ አጥፍተው እንደሆነ የሚነግረን አንቀጽ አልነበረንም፣ ሰብሳቢው በራሳቸው ጉዳይ ላይ የመፍረድ ሥልጣን እንዳላቸው ወይም እንደሌላቸው የሚነግረንም እንዲሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው በከተማዋ ዳርቻ፣ በአያትም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ፣ የብሪጅ ማኅበር ለማቋቋም ለሚያስቡና ማኅበራቸው አንድ ቀን በአገር አቀፍ ፌዴሬሽን ሥር እንዲታቀፍ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። የፌዴሬሽን ደንብ ሥራ ላይ የሚውለው አባል ማኅበራቱ አስቀድመው በእንዲህ ያለ ደንብ መኖር ከለመዱ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሰፈር አዳራሽ እንጀምረዋለን።

መጀመሪያ ድንበሩን እወቁ

በዳርቻ የሚኖር ሰው ከሌላው በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አዳራሹ በየትኛው አስተዳደር ክልል ውስጥ እንደሚገኝ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመለከተው በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ፣ ወይም ደግሞ ከአንድ በላይ በሆኑ ክልሎች የሚሠሩ ድርጅቶችን ነው። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ግን በ2015 በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ የተካተቱ የኦሮሚያ ክልል አካባቢዎች ስለሆኑ፣ እዚያ ብቻ የሚሠራ ማኅበር ጥያቄውን የሚያቀርበው ለክልሉ ነው። ከአያት ተነሥቶ በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ የምዝገባው መሥሪያ ቤት ይለወጣል ማለት ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ ማኅበር በትንሹ አምስት አባላት ሊኖሩትና የበላይ አካሉም ጠቅላላ ጉባኤው ሊሆን ይገባል። «እኛ እንደ እድር ነን፣ ምን ምዝገባ ያስፈልገናል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አዋጁ እድርንና እቁብን ከወሰኑ ውጭ ማድረጉ እውነት ቢሆንም፣ የውድድር ክፍያ የሚሰበስብና ተወካይ የሚልክ የጨዋታ ማኅበር በዚህ ጥላ ሥር መጠለል አይችልም። እንደ ስፖርት ማኅበር መታወቅ የሚፈልግም ደንቡን አርቅቆ ከመጨረሱ በፊት የአካባቢውን የስፖርት መሥሪያ ቤት ቢያነጋግር ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ሦስቱን ወንበሮች ለዩ

የእኛ ችግር የተፈጠረው አንድ ሰው ተጫዋች፣ ሰብሳቢና ፈራጅ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ስለዚህ በደንባችሁ ውስጥ ሦስት ሥልጣኖች በሦስት የተለያዩ አካላት እጅ መሆናቸውን በግልጽ አስፍሩ። ሥራ አስፈጻሚው ገንዘቡን፣ አዳራሹንና የውድድር መርሐ ግብሩን ይመራል። የውድድር ዳኛው በጨዋታው ሰዓት በጠረጴዛ ላይ በሚነሣ ጉዳይ ይወስናል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደግሞ ከጨዋታው ሰዓት በኋላ በጽሑፍ የሚቀርብ አቤቱታን ይመረምራል። የኮሚቴውን አባላት የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው እንጂ ሰብሳቢው መሆን የለበትም፤ ሰብሳቢው የመረጠው ኮሚቴ በሰብሳቢው ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ሲመጣ ምን ዓይነት ጭንቀት ውስጥ እንደሚገባ ማንም ሊገምት ይችላል።

ኮሚቴው ሦስት አባላትና ሁለት ተጠባባቂዎች ይኑሩት ስል ምክንያት አለኝ። በአንድ ሰፈር ውስጥ የምንኖር ሰዎች በአበልጅነት፣ በጋብቻ፣ በእቁብና በእድር የተሳሰርን ነን፤ ከከሳሹም ሆነ ከተከሳሹ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሰው ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ደንቡ ዝምድና ያለውን ሁሉ ከኮሚቴው ከማገድ ይልቅ፣ እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል በጉዳዩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ግንኙነት በጽሑፍ እንዲያሳውቅና ጥርት ባለው መስፈርት ከተነካ ወንበሩን ለተጠባባቂ እንዲለቅ ማድረግ ይሻላል። እኛ የያዝነው መስፈርት የሚከተለው ነው፦ የተከራካሪዎቹ የቤተሰብ አባል፣ አበልጅ፣ የሥራ ባልደረባ ወይም በዚያው ዓመት በውድድር ላይ አጋር የነበረ ሰው በጉዳዩ አይቀመጥም። የአንድ እድር አባል መሆን ግን አያግድም፤ ያን ብናግድ ኖሮ የሚቀመጥ ሰው ባልቀረልንም ነበር።

የጨዋታውን ሕግ እንደ አዲስ አትጻፉ

በእ.ኤ.አ. 1958 የተመሠረተው የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን የሚያጸድቀው የውድድር ብሪጅ ሕግ ባለ 93 ቁጥር ሰነድ ሲሆን፣ የመጨረሻው ጠቅላላ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። ስለ ጨዋታው አካሄድ በደንባችሁ ውስጥ የሚያስፈልገው «ማኅበሩ ይህንን ሕግ ይቀበላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሕጉን አሳጥሮ በራስ ቃል የሚጽፍ ማኅበር፣ ከሌላ ማኅበር ጋር በተጋጠመ ቀን ሁለት ሕግ ይዞ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

ይሁን እንጂ የምንግባባው በአማርኛ ስለሆነ ሕጉን መተርጎማችን አይቀርም፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። የሕጉ መግቢያ የግዴታ ቃላትን በደረጃ ይለያል። ተጫዋቹ አንድን ነገር ማድረግ «ይችላል» ሲል፣ አለማድረጉ ጥፋት አይደለም። «ያደርጋል» ሲል ሥርዓቱን ይገልጻል እንጂ የሳተውን ለመቅጣት አያመለክትም። «ይገባዋል» ሲል፣ አለማድረጉ ጥፋት ሆኖ መብትን ሊያሳጣ ቢችልም ብዙ ጊዜ አያስቀጣም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቃል ሲጣስ አብዛኛውን ጊዜ ቅጣት ይከተላል፤ የመጨረሻው ደግሞ ጥሰቱ በእርግጥ ከባድ ጉዳይ የሚሆንበት ነው። እኛ ደንብ ስናረቅቅ ግን ከ«ይችላል» በላይ ያለውን ሁሉ «አለበት» እያልን መጻፍ ልማዳችን ነው። ይህ ልማድ አምስቱን ደረጃዎች ወደ ሁለት ያወርዳቸዋል፤ ዳኛውም ጥቃቅኑን ከከባዱ የሚለይበት መለኪያ ያጣል። በትርጉማችን «ይችላል»፣ «ያደርጋል»፣ «ይገባዋል»፣ «አለበት» እና «ጥብቅ ግዴታ አለበት» የሚሉትን አምስት አነጋገሮች መርጠን፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ትርጉማቸውን ካስቀመጥን በኋላ ከዚያ ላለመውጣት ተስማምተናል።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ በክልከላው በኩል ነው። እንግሊዝኛው «ሜይ ኖት» የሚለውን፣ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «ላያደርግ ይችላል» ብሎ ይጽፈዋል። በሕጉ መግቢያ መሠረት ግን ይህ አነጋገር ከክልከላዎች ሁሉ በጥንካሬ ሁለተኛው ነው። በሕግ 16 ላይ፣ ከአጋሩ ያልተገባ መረጃ፣ ማለትም ከጨረታው ጥሪና ከሚጣለው ካርታ ውጭ የሆነ ፍንጭ፣ የደረሰው ተጫዋች ሌላ ምክንያታዊ አማራጭ እያለው ያ መረጃ የሚጠቁመውን መምረጥ እንደማይፈቀድለት የተጻፈው በዚህ ቃል ነው። «ላይመርጥ ይችላል» ተብሎ ቢተረጎም፣ የጨዋታው ዋነኛ የታማኝነት አንቀጽ ለተጫዋቹ ፈቃድ የተተወ ምክር ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው ረቂቃችን ላይ ይህንኑ ስሕተት አግኝቼ በእጄ ሰርዤ አርሜዋለሁ፤ ስለዚህ ትርጉማችሁን ቢያንስ ሁለት ሰው ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ያንብበው።

ጠረጴዛው ላይ

ብሪጅን ከሌሎች የካርታ ጨዋታዎች የሚለየው የአጋርነቱ ሁኔታ ነው። አራት ሰዎች በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ይቀመጣሉ፤ 52 ካርታ ለእያንዳንዱ 13 ሆኖ ይታደላል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት አጋር ናቸው። አጋሮች ስለ ካርታቸው መነጋገር የሚፈቀድላቸው በጨረታው ጥሪና በሚጥሉት ካርታ ብቻ ነው። የድምፅ ቅላጼ፣ የፊት ገጽታ፣ መቸኮልም ሆነ መዘግየት መረጃ ያቀብላሉ። የጨረታውን ጥሪ በቃል ከመናገር ይልቅ ከሳጥን በሚወጣ ካርድ ማሳየት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከስዊድን ተነሥቶ የተስፋፋውም የድምፁን መንገድ ለመዝጋት ነው። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ በሚደበድብበት በእኛ አዳራሽ ይህ ሳጥን ድርብ ጥቅም አለው።

የአዛውንቱን ጉዳይ በሕጉ ብንመዝነው መልሱ ይህ ነው፦ ማሰብ ጥፋት አይደለም። አስቸጋሪ ካርታ የያዘ ሰው ማሰብ መብቱ ነው፤ ሆን ብሎ ተጋጣሚውን ለማደናገር መዘግየት ግን የተከለከለ ነው። ጥንቃቄ የሚጠበቀው ከአጋሩ ነው፤ የአጋሩን መዘግየት ያየ ተጫዋች ከዚያ መረጃ አንዳች ጥቅም ላለማግኘት የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ መመርመር የነበረበት የአዛውንቱ ሐሳብ ሳይሆን ቀጥሎ የመጣው የአጋራቸው ጥሪ ነበር። ያም ቢሆን የሚያስከትለው የነጥብ ማስተካከያ ነው እንጂ የሌብነት ክስ አይደለም።

ይህን ለማስፈጸም ዳኛው ሲጠራ የሚከተለው ቅደም ተከተል ቀላልና በቃል የሚያዝ ነው። ቅሬታ ያለው ተጫዋች ድምፁን ሳያሰማ እጁን ያነሣል፣ ወይም «ዳኛ፣ እባክዎ» ይላል፤ ለተጋጣሚው የሚናገረው ምንም ነገር የለም። ዳኛው መጥቶ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ከፓሱ በፊት መዘግየት እንደነበረ አራታችሁም ትስማማላችሁ?» ከተስማሙ በማስታወሻው ይጽፋል፤ ካልተስማሙ የእያንዳንዱን ቃል ይጽፋል። ለምን እንደዘገዩ አይጠይቅም፣ ምክንያቱም መልሱ ራሱ ለአጋር ተጨማሪ መረጃ ይሆናል። ከዚያ «ቀጥሉ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ጉዳት ደርሶብናል ካላችሁ ጥሩኝ» ብሎ ይሄዳል። ካርታው ሁሉ ከታየ በኋላ ጥሪው በመዘግየቱ የተጠቆመ መሆኑንና ሌላ ምክንያታዊ አማራጭ እንደነበረ መርምሮ ነጥቡን ያስተካክላል ወይም እንዳለ ይተወዋል። አስቸጋሪ በሆኑ ጉዳዮች በጠረጴዛው ላይ ያልነበሩ ሁለት ሦስት ተጫዋቾችን «ይህን እጅ ይዘህ ምን ትጠራለህ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው።

በእኛ ዘንድ ከባዱ ነገር ዳኛ መጥራት እንደ መክሰስ መቆጠሩ ነው። ወጣት ተጫዋች በአባቱ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ዳኛ መጥራት ነውር ይመስለዋል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ይሄድና ቅሬታውን ከአዳራሹ ውጭ ለሌላው ያወራል። ሕጉ ስሕተት መኖሩ ከተጠቀሰ ወዲያውኑ ዳኛ እንዲጠራ ማዘዙን በየውድድሩ መጀመሪያ ጮክ ብሎ ማንበብ ይህን ፍርሃት በብዙ ያቀለዋል፤ የጠራው ሰው ሕጉን አከበረ እንጂ ማንንም አልደፈረም። ዳኛችን ከሁላችንም በዕድሜ ያነሰ ወጣት ነው፤ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ «ጋሼ፣ ምን ልርዳዎት» ብሎ ይጀምራል፣ ውሳኔውን ሲነግር ግን ለጋሼውም ሆነ ለእኩያው በአንድ ቃል ነው የሚናገረው። በደንባችን ላይ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም «እርስዎ» እንዲሉ የሚያዝ አንቀጽ እንዲገባ የጠየቁ ነበሩ። እኔ አልደገፍሁትም፤ ሰው አብሮ አደጉን «እርስዎ» ብሎ ሲጠራ አሽሙር ይሆናል።

ሕግ 74 ስለ ጨዋነት ነው፤ ለብቻው በአማርኛ ታትሞ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም። ተጫዋች ዘወትር ጨዋነትን እንዲጠብቅ፣ ሌላውን የሚያስከፋ ወይም የሚያሳፍር ንግግርና ድርጊት እንዲያስወግድ፣ ተራው ሳይደርስ ካርታ ከእጁ እንዳይነጥል፣ ዳኛውንም በአክብሮት እንዲያነጋግር ይላል። እኔ ከዚህ ላይ በሰፈራችን ብዙ የሚያስቀይሙትን ሦስት ነገሮች ለይቼ በማኅበሩ ደንብ እንዲገቡ አድርጌያለሁ። አንደኛው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተጋጣሚን ያለ ጥያቄው «እንዲህ ብትጥል ኖሮ» እያሉ ማስተማር ነው። ሁለተኛው የራስን አጋር በሰው ፊት መውቀስ ነው፤ ባልና ሚስት አጋር ሆነው ሲጫወቱ ይህ በተለይ ይከፋል። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ማንንም ጠረጴዛ ላይ «አጭበርባሪ» ወይም «ሌባ» ብሎ መጥራት ነው። ተናጋሪው እውነት ቢኖረውም እንኳ ይህ ራሱን የቻለ ጥፋት መሆን አለበት፤ ጥርጣሬ ያለው ሰው ለሥነ ምግባር ኮሚቴው በጽሑፍ ብቻ ያቀርባል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። ካርታ በአገራችን ከቁማር ጋር ተያይዞ ስለሚታይ፣ በአዳራሹ በር የሚያልፍ ሰው አራት ጠረጴዛ ካርታ ሲያይ የሚያስበው ኮንከር ወይም የብር ጨዋታ ነው። በደንባችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በገንዘብም ሆነ በዓይነት መወራረድ ክልክል መሆኑን ጻፉ፤ የመግቢያ መዋጮውን በደረሰኝ ብቻ ሰብስቡ፤ አዳራሹን ለፈቀዱላችሁ የእድሩ ሽማግሌዎችም የደንቡን ቅጂ ስጡ። እኛ ይህን ካደረግን ወዲህ ከእድሩ ዳኛ የመጣው ብቸኛ ጥያቄ ጨዋታውን ለልጆቻቸው እንድናስተምር ነበር።

አቤቱታ ሲቀርብ

በጠረጴዛው ዳኛ ውሳኔ ላይ የሚቀርብ ይግባኝና በሰው ሥነ ምግባር ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ማኅበር የሚሳሳተው ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ሲቀበል ነው። የመጀመሪያው ፈጣን መሆን አለበት። ውድድሩን የሚያዘጋጀው አካል ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ ይግባኝ የመጠየቅ መብት ውጤቱ በይፋ ከተገለጸ ከ30 ደቂቃ በኋላ ያበቃል፤ በጥንድ ውድድር ሁለቱም አጋሮች በይግባኙ መስማማት አለባቸው። ይግባኝ ሰሚው በነጥብና በፍርድ ጉዳይ ውሳኔውን ሊለውጥ ይችላል፤ ዳኛው በሕጉ አተረጓጎም ላይ የሰጠውንና ሥርዓት ለማስከበር የወሰደውን እርምጃ ግን ሊሽር አይችልም፣ እንዲያጤነው ሊመክረው እንጂ።

የሥነ ምግባር አቤቱታ ግን መቸኮል አይወድም። በጽሑፍና በፊርማ ይቅረብ፤ ስም የሌለው ደብዳቤ አይመርመር፤ ቀኑን፣ ጠረጴዛውን፣ የጨዋታውን ቁጥርና የተባለውን ወይም የተደረገውን በዝርዝር ይያዝ። እኛ አቤቱታው በሰባት ቀን ውስጥ እንዲቀርብ፣ ተከሳሹ ሙሉ ቅጂው ደርሶት በአሥር ቀን ውስጥ እንዲመልስ፣ ከዚያም ኮሚቴው ሁለቱን ወገኖችና ምስክሮቻቸውን በአንድ ቀን እንዲሰማ ወስነናል። ውሳኔው ምክንያቱን ዘርዝሮ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ይግባኙም የሚሄደው በመጀመሪያው ጉዳይ ላይ ላልተቀመጡ ሰዎች ነው። ተከሳሹ በማያውቀው ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ውሳኔ ትክክል ቢሆን እንኳ አይጸናም።

ሽምግልናን በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው። ስድብ፣ ቁጣና መቀያየም ሲሆን ኮሚቴው ከመስማቱ በፊት ለሽማግሌ አሥር ቀን ቢሰጥ መልካም ነው፤ የእኛ ሁለት አዛውንቶችም የታረቁት በሽማግሌ ነው። አጋሮች በተስማሙበት ምስጢራዊ ምልክት መረጃ ተለዋውጠዋል የሚል ክስ ግን በሽምግልና አይዳኝም። ሕጉ ይህን ከጥፋቶች ሁሉ የከፋው ብሎ ይጠራዋል፤ የተጎዳውም ከሳሹ ብቻ ሳይሆን በዚያ ውድድር የተጫወተ ሰው ሁሉ ነው። አንድ ሰው ይቅር ስላለ የሁሉም መብት አይሰረዝም።

እንዲህ ያለ ክስ ሲመጣ የማስረጃው መለኪያ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። በስፖርት ዳኝነት የተለመደው መለኪያ፣ የክሱን ክብደት ግምት ውስጥ አስገብቶ የዳኞቹ ኅሊና በበቂ የሚያርፍበት ደረጃ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ከሚጠየቀው የሚበልጥ፣ በወንጀል ከሚጠየቀው ግን የሚያንስ ማለት ነው። የአንድ የአውሮፓ ጥንድ ታሪክ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 እነዚህ ተጫዋቾች ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ በቁመት ወይም በአግድም በማስቀመጥ ምልክት ይሰጣሉ ተብለው ተከሰሱ፤ የአውሮፓው አካል አምስት ዓመት አገዳቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሉዛን የሚገኘው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ማስረጃው የሚፈለገውን መለኪያ አላሟላም ብሎ እገዳውን ሻረው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከሁለቱ አንዱ በብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ ተጋጣሚ ቡድኖች አንጫወትም አሉ። ውሳኔ ሰጪው አካል ማስረጃውን በሚገባ ሳያደራጅ ከቸኮለ፣ የተከሰሰው ንጹሕ መሆኑም ጥፋተኛ መሆኑም ማንንም ሳያሳምን ለዓመታት እንደሚጎተት ከዚህ ይታያል።

አንዳንድ ጊዜ ከቅጣቱ ይልቅ ጠረጴዛውን ማስተካከል ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1975 በቤርሙዳ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አጋሮች እንዳይተያዩ በጠረጴዛው ላይ መጋረጃ ቆሞ ነበር፤ ሁለት ተጫዋቾች ግን በጠረጴዛው ሥር በእግር ሲነካኩ ታዩ ተባለ። ተወቀሱ፣ ከዚያም እግር የሚተላለፍበት ቦታ እንዲዘጋ ተደረገ። እኛ መጋረጃ የምንገዛበት አቅም የለንም፤ ነገር ግን ጠረጴዛዎቹን ማራራቅ፣ ስልኮችን በር ላይ ባለ ሳጥን መሰብሰብና የጨረታ ካርዶችን መጠቀም ብር የማይጠይቅ ወይም ጥቂት ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ቅጣትና መዝገብ

የቅጣቱን ደረጃ ስትጽፉ የዳኛውን ሥልጣን አታጥቡት፣ አታስፉትም። በሕግ 91 መሠረት ዳኛው ሥርዓት ለማስከበር ነጥብ መቀነስ ወይም ተጫዋቹን ለዚያ ክፍለ ጊዜ ማገድ ይችላል፤ ከውድድሩ ፈጽሞ ማስወጣት ግን የአዘጋጁን አካል ይሁንታ ይጠይቃል። ከዚያ ያለፈው፣ ማለትም የወራት እገዳ፣ የኮሚቴው ነው፤ አባልነትን መሰረዝ ደግሞ የጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ይሁን። ቅጣቱ የሚያልፍበትን ቀንም ጻፉ። ከእገዳ የተመለሰ ሰው ያለፈ ጥፋቱ እየተነሣበት እንዳይኖር፣ ማስጠንቀቂያ ከመዝገብ የሚወጣበት ጊዜ ሊወሰን ይገባል፤ እኛ ሁለት ዓመት አድርገነዋል። መዝገቡ በእድር ልማድ ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣል፤ አንዱ ቁልፍ በጸሐፊው፣ ሌላው በኮሚቴው ሰብሳቢ እጅ ነው።

ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር የሚያስብ ፌዴሬሽን ስለ አበረታች ንጥረ ነገርም አንቀጽ ያስፈልገዋል። ብሪጅ የአእምሮ ጨዋታ ስለሆነ ይህ አይመለከተንም የሚል ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ታዋቂ የሆነ አንድ ተጫዋች በምርመራ በተገኘበት ንጥረ ነገር ምክንያት ለአንድ ዓመት መታገዱን ያስታውስ። ለደም ግፊትና ለልብ መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንቶች ያሉበት ማኅበር፣ መድኃኒቱን በሐኪም ወረቀት አስቀድሞ ማስመዝገብን ቢለማመድ ኋላ አይቸገርም።

ማኅበራት ወደ ፌዴሬሽን ሲሰባሰቡ

እዚህ ላይ የምለው ጥቂት ነው። ድምፅ በማኅበር ይቆጠር ወይስ በአባላት ብዛት የሚለውን በመጀመሪያው ስብሰባ ወስኑ፤ በአባላት ብዛት ብቻ ከሆነ የመሐል ከተማው ማኅበር ለብቻው ሁሉንም ይወስናል፣ በማኅበር ብቻ ከሆነ ደግሞ አምስት አምስት ሰው ያላቸው ማኅበራት ድምፅ ለመሰብሰብ ይፈለፈላሉ። የእኔ ምርጫ ለእያንዳንዱ ማኅበር አንድ ድምፅ ሰጥቶ፣ ለተወሰነ የአባላት ቁጥር ተጨማሪ ድምፅ በጣሪያ መገደብ ነው። ብሔራዊ ቡድን የሚመረጠው አስቀድሞ በታወጀ የማጣሪያ ውድድር ይሁን፤ የፌዴሬሽኑ አመራር አባል ማጣሪያውን መጫወት ይችላል፣ በመራጭነት ግን አይቀመጥም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላትም ከተለያዩ ማኅበራት ይምጡ፤ የጣፎን ጉዳይ የሰበታ ሰው ቢሰማው የአበልጅነቱ ችግር በራሱ ይቀላል።

ደንባችን የጸደቀው ከሦስት ስብሰባ በኋላ ነው። ዘጠኝ ገጹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ ማንበብ ላቃተው ዐይን መነጽር እስኪመጣ ተጠበቀ፤ እያንዳንዱ አባል በየገጹ ፈረመ። ከዚያ ወር በኋላ በነበረ አንድ ቅዳሜ እነዚያው አዛውንት እንደገና ካርታቸውን ይዘው ረጅም ጊዜ አሰቡ፤ አጋራቸውም ጨረታውን ከፍ አደረጉ። ተጋጣሚያቸው፣ ያኔ ካርታቸውን ደፍተው የተነሡት እርሳቸው፣ እጃቸውን አነሡ። ወጣቱ ዳኛ መጣ፣ ጠየቀ፣ አራቱም መዘግየት እንደነበረ ተስማሙ። ጨዋታው ሲያልቅ ካርታዎቹን ገልጦ አየና በማስታወሻው ሦስት መስመር ጻፈ፦ «ሦስተኛ ጠረጴዛ፣ ጨዋታ ቁጥር 11። መዘግየት ነበረ። ሌላ ምክንያታዊ አማራጭ አልነበረም፣ ነጥቡ እንዳለ ጸንቷል።» አዛውንቶቹ ካርታውን በውዘው ቀጣዩን ጨዋታ ጀመሩ።